የገዳዩ ስም እና የኩኪሱ አሠራር

  ስለ ልቦለድ እንድናገር ስትጋብዙኝ ከበድ ያለ ርእስ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት ሽፋናቸው ላይ ኬክና ድመት የተሣለባቸውን፣ ሲገለጡ ደግሞ ሬሳ የማይጠፋባቸውን መጻሕፍት ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

በእንግሊዝኛው ዓለም «ኮዚ ሚስትሪ» የሚባሉት የወንጀል ልቦለዶች ባሕርያቸው በቀላሉ ይለያል። ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት አንድ ትንሽ ከተማ አለ። አንድ ሰው ይገደላል፤ ነገር ግን ደሙ አይዘረዘርም፣ ስድቡ አይበዛም፣ የመኝታ ቤቱም በር ይዘጋል። ገዳዩን የምትደርስበት ፖሊስ ያልሆነች፣ ኑሮዋን በሌላ ሙያ የምትመራ ሰው ናት። ዛሬ በማተኩርበት ዘርፍ ይህች ሰው ዳቦ ጋጋሪ፣ ኬክ ሠሪ ወይም የድግስ ምግብ አቅራቢ ትሆናለች። መጽሐፉም ታሪኩን ብቻ ነግሮን አያሰናብተንም፤ ሴትየዋ የሠራቻቸውን ምግቦች አሠራር ከነመጠኑ አትሞ ይሰጠናል።

የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው። ስለ ግድያ የሚተርክ መጽሐፍ ስንት ሲኒ ዱቄት እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ለምንድን ነው? «ለገበያ ነዋ!» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፤ ሐሰት አይደለም። ግን ገበያ አንባቢ ለምን እንደወደደው አያስረዳም። የእኔ መልስ እንዲህ ነው፦ እነዚህ ልቦለዶች ከሥር ከመሠረታቸው ስለ መተማመን የተጻፉ ናቸው። ከሰው እጅ መብላት ያንን ሰው ማመን ነው። ግድያው ይህን እምነት ይሰብራል፣ ምርመራው የተሰበረበትን ቦታ ያገኛል፣ የአሠራሩ ዝርዝር ደግሞ እምነቱን መልሶ በአንባቢው እጅ ያስቀምጣል። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ዘርፉ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እናገራለሁ፤ ቀጥዬ መርማሪዋ ለምን ጋጋሪ እንደሆነች፣ ከዚያ ስለ መርዝ፣ ከዚያም ስለ አሠራሩ ዝርዝር አወራለሁ። በመጨረሻ በዘርፉ ላይ የሚነሣውን ወቀሳ ሳልሸሽ አያለሁ።

ከመነሻው ልጀምር። የትንሿ መንደር ግድያ ሲነሣ ሁሉም የሚጠራት እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ ናት። በ1930 በታተመው «መርደር አት ዘ ቪካሬጅ» በተሰኘው ልቦለድ ሚስ ማርፕል የተባሉ አሮጊት ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል መንደር ተቀምጠው፣ አትክልታቸውን እየኮተኮቱና ሹራባቸውን እየሠሩ የሰው ገመና ሲያነቡ አሳየችን። ምግብና አሠራሩን ወደ ወንጀል ልቦለድ አብረው ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ደግሞ አሜሪካዊው ሬክስ ስታውት ነው። በ1938 ባሳተመው «ቱ ሜኒ ኩክስ» ስመ ጥር ምግብ አብሳዮች በዌስት ቨርጂኒያ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ይገደላል። በመጽሐፉ መጨረሻ የምግቦቹ አሠራር ተያይዟል። የስታውት መርማሪ ኒሮ ዉልፍ ግን ሰፊ ሰውነትና ሰፊ ገንዘብ ያለው፣ የራሱ ወጥ ቤት ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ነው። የምግብ እውቀቱ የበላተኛ እውቀት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማዕዱ ዞረ። በ1982 ቨርጂኒያ ሪች «ዘ ኩኪንግ ስኩል መርደርስ»ን አሳተመች። በ1990 ዳያን ሞት ዴቪድሰን «ኬተሪንግ ቱ ኖባዲ» በተባለው መጽሐፏ ጎልዲ የተባለች የድግስ ምግብ አቅራቢ ከኮሎራዶ ተራሮች ይዛልን መጣች። በ2000 ደግሞ ጆአን ፍሉክ በ«ቾኮሌት ቺፕ ኩኪ መርደር» ሐና ስዌንሰን የተባለችውን ኩኪስ ጋጋሪ አስተዋወቀችን፤ ተከታታዩ ዛሬ ከ25 መጻሕፍት በላይ ሆኗል፤ ከ2015 ጀምሮም ለቴሌቪዥን ተሠርቷል። እውቀቱ ከበላተኛው ወደ ሠሪዋ፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ የተሻገረው በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው። ዘርፉን የምትወዱት ከሆነ በየዓመቱ የሚከበርበት ጉባኤም አለው። «ማሊስ ዶሜስቲክ» ይባላል፤ ከ1989 ጀምሮ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ይካሄዳል። ለአሸናፊ ደራሲ የሚሰጠው ሽልማትም በአጋታ ስም የተሰየመ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ መርማሪዋ ለምን ጋጋሪ ሆነች? የሐናን የመጀመሪያ መጽሐፍ ቀረብ ብለን እንየው። ሐና ቀይ ጠጉሯ አልበጠር የሚላት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። የሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቷን ስትማር አባቷ ሲሞቱ ትምህርቷን ትታ ሚኒሶታ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ተመለሰች፤ ኩኪስና ቡና የሚሸጥበት ቤትም ከፈተች። አንድ ቀን ማለዳ ወተት አመላላሹ ሮን ይዘገይባታል። ሮን የከተማው ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ሰዓቱን የማያዛንፍ ሰው ነው። ከሱቋ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ መንገድ ብትወጣ መኪናው ቆማ ታገኛታለች፤ እሱ ግን በጥይት ተመትቶ መሪው ላይ ሞቷል። በዙሪያው የተበተነው ደግሞ እሷው የጋገረችው ኩኪስ ነው።

ደራሲዋ ይህን ትዕይንት ስታቀናብር ምን እንደሠራች ልብ በሉ። ጋጋሪ ከከተማው ሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ ስለዚህ ማለዳ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደቀረ ታውቃለች። ዱቄት፣ ወተት፣ እንቁላል የሚያመጡላት ሰዎች በሰዓታቸው ይመጣሉ፤ አንዱ ሲጎድል የመጀመሪያዋ ተጠራጣሪ እሷ ናት። ሥራዋ በደቂቃ የሚለካ ስለሆነ «ያን ሰዓት የት ነበርክ?» የሚለው የምርመራ ጥያቄ ለእሷ እንግዳ አይደለም፤ ምድጃዋ ከሰዓት ጋር ያውላታል። ስብሰባ፣ ሰርግ፣ ሐዘን፣ የትምህርት ቤት በዓል ሲኖር ትሪ ይዛ በመካከል ትመላለሳለች። ትሪ የያዘች ሴት ፊት ደግሞ ሰው ድምፁን አይቀንስም። የሐና እህት ባል ምክትል ሸሪፍ ነው፤ ሰዎች ለእሱ የማይነግሩትን ለእሷ እንደሚነግሯት ስለሚያውቅ ጆሮዋን እንድታቆም የሚለምናት እሱ ራሱ ነው። የፖሊስ መታወቂያ በር ያስዘጋል፤ ትኩስ ኩኪስ ግን በር ያስከፍታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ምክንያት አላት። ሙያዋ ያልሆነ ሰው በግድያ ጉዳይ ለምን እጁን ያስገባል የሚለው ጥያቄ ለደራሲ ሁሉ ፈተና ነው። ዴቪድሰን ይህን የመለሰችበት መንገድ ጠንካራ ነው። ጎልዲ ሐኪም ከሆነ፣ ይደበድባት ከነበረ ባል ተፋታ ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። አንዲት መምህርት ሞታ ለለቅሶ ለተሰበሰበው ሰው ምግብ ታቀርባለች፤ የቀድሞ ባሏ አባት ከመጠጡ ጎንጨት ሲል ይወድቃል፤ መጠጡ ውስጥ የአይጥ መርዝ ይገኛል። ሰውየው ይተርፋል፤ የጎልዲን ሥራ ግን ፖሊስ ይዘጋዋል። ሊገድል የሞከረውን ሰው ካላገኘች እንጀራዋ ተዘጋ ማለት ነው። እንግዲህ ይህች ሴት የምትመረምረው ወሬ ስለምትወድ ነው የሚል ካለ መጽሐፉን በደንብ አላነበበም። የምትከላከለው ስሟን ነው፤ ምግብ ሠሪ ስሟ ከጠፋ ሌላ የምትሸጠው ነገር የላትም።

አሁን ወደ መርዙ እንምጣ። በዚህ ዘርፍ መርዝ ከጥይት ይልቅ የሚከብደው ለምንድን ነው? አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በትውልድ ከተማዋ በቶርኪ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ሠርታ ስለነበር መርዝን በሚዛን ታውቀው ነበር። በ1953 በታተመው «ኤ ፖኬት ፉል ኦቭ ራይ» አንድ ባለጸጋ ነጋዴ በቢሮው ሻዩን ጠጥቶ በድንገት ይታመማል። ሻዩ ይጠረጠራል። መርዙ ግን ማለዳ ቤቱ ቁርስ ላይ በበላው ማርማላታ ውስጥ ነበር፤ ከግቢው ዛፍ የተገኘ መርዝ ነው። አንባቢን የሚያስደነግጠው የሰውየው ሞት ብቻ አይደለም። ቁርስ የሚቀርበው በቤተ ዘመድ መካከል ስለሆነ ገዳዩ ከማዕዱ ባለቤቶች አንዱ መሆን አለበት። ሽጉጥ ከሩቅ ይተኩሳል፤ መርዝ ግን የተጎጂውን ፈቃድ ይጠይቃል። ሰው በገዛ እጁ ወደ አፉ ያስገባዋል፤ ያስገባው ስላመነ ነው።

ይህ ፍርሃት ለእኛ አዲስ አይደለም። በቀድሞው የግብር አዳራሽ ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ከብርሌው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ደንቡ ከክብር ጋር ዋስትናም ነበር። የየአገሩ ሰው ሁሉ በየፊናው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሥርዓት ሠርቷል፤ ያቀረበልኝን ሰው እንዴት ልመነው?

ይህን ጥያቄ በቀልድ መልክ ካነሡት መጻሕፍት የምወደው ስኮትላንዳዊቷ ኤም. ሲ. ቢተን በ1992 ያሳተመችው «አጋታ ሬይዝን ኤንድ ዘ ኪሽ ኦቭ ዴዝ» ነው። አጋታ ሬይዝን በለንደን የንግድ ዓለም ስትባዝን ኖራ በጡረታ ወደ ኮትስወልድስ መንደር የገባች ሴት ናት። ሰው እንዲወዳት ኪሽ በሚባለው የእንቁላልና የሊጥ ጋግር የመንደሩ ውድድር ትሳተፋለች። ችግሩ ግን ምግብ መሥራት አትችልም። ለንደን ካለ ሱቅ የስፒናች ኪሽ ገዝታ የራሷ አስመስላ ታቀርባለች። ዳኛው ያንኑ ኪሽ ቤቱ ወስዶ በልቶ ይሞታል፤ መርዛም ተክል ተቀላቅሎበታል። እሷ ንጹሕ መሆኗን ለማስረዳት በመንደሩ ሰው ፊት ውሸቷን ማጋለጥ አለባት። ቢተን እዚህ ላይ ሁለት በደሎችን ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንዱ ሰው መግደል ነው፤ ሌላው ያልሠሩትን ምግብ ሠራሁ ማለት። የመጀመሪያው በሕግ ያስጠይቃል፤ በመንደሩ ሴቶች ዘንድ ግን ሁለተኛውም ቀላል አይደለም። ሁለቱም ለበላተኛው የምግቡን ውስጥ ደብቀውበታልና።

ይህ ወደ ዋናው ነጥቤ ያደርሰኛል፤ ወደ አሠራሩ ዝርዝር። የወንጀል ልቦለድ በመሠረቱ የሚደብቅ ጽሑፍ ነው። ደራሲው የሚያውቀውን አንባቢው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ እንዳያውቅ ይተጋል። በ1929 እንግሊዛዊው ካህንና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ ለዚህ መደበቅ ልክ አበጅቶ 10 ደንቦች ጻፈ። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መሸሸግ አይችልም አለ፤ ሳይንስ ያላወቀው መርዝም አይፈቀድም አለ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ጨዋታ ነው፤ አንባቢው ብልህ ከሆነ ከመርማሪው እኩል ሊደርስበት ይገባል።

የአሠራሩ ዝርዝር ይህን ፍትሕ ከደንቡም አልፎ ይወስደዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ምንም ነገር ያልተደበቀበት ብቸኛው ገጽ ነው። ወደ ሐና ኩኪስ እንመለስ፤ ያ በሟቹ ዙሪያ የተበተነው። ፍሉክ አሠራሩን መጨረሻ ላይ አታጉረውም፤ በታሪኩ መካከል፣ ስሙ በተነሣበት አካባቢ ታስገባዋለች። ቅቤ፣ ነጭ ስኳር፣ ቡናማ ስኳር፣ ቫኒላ፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ ቾኮሌት፤ ከዚያም ማንም የማይገምተው አንድ ነገር፣ የተፈጨ ኮርን ፍሌክስ። ኩኪሱ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሸው በእሱ ነው። ሌላ ጋጋሪ ቢሆን ይህን የሙያ ምስጢር ይዛው ትሞት ነበር። ሐና ግን ምስጢር ለመግለጥ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ የራሷን ምስጢር ቀድማ ትገልጣለች፤ ድምፇም በዝርዝሩ መካከል በምክርና በማስታወሻ ይሰማል። ሌሎች ሰዎችን «ምን ደበቃችሁ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት የራሷን ጓዳ ከፍታ ብታሳይ የመጠየቅ መብቷ ይጠናል።

ሌላም ነገር አለ። ገዳዩ ማን እንደሆነ የነገረችን ደራሲዋ ናት፤ ልናረጋግጠው አንችልም። ኩኪሱን ግን እንችላለን። አንባቢው ዱቄቱን ለክቶ፣ ምድጃውን አሙቆ ይሞክረዋል። ቢሳካ ደራሲዋ ታምናለች፤ ቢጠጥር ወይም ቢፈርስ ግን የቀጣዩን መጽሐፍ ሴራ ማን ያምናታል? በልቦለድ ታሪክ ውስጥ አንባቢ የደራሲን ቃል በምላሱ የሚመረምርበት ዘርፍ ሌላ አላውቅም።

ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከ2021 አንድ መጽሐፍ ላንሣ። ሚያ ማናንሳላ የተባለች ፊሊፒናዊ አሜሪካዊት «አርሰኒክ ኤንድ አዶቦ»ን አሳተመች፤ የዚያን ዓመት የአጋታ ሽልማት በመጀመሪያ ልቦለድ ዘርፍ አገኘች። ላይላ የተባለችው ወጣት ከቺካጎ ወደ ኢሊኖይ ትንሽ ከተማ ተመልሳ በአክስቷ ሬስቶራንት ትረዳለች። የቀድሞ ፍቅረኛዋ፣ ምግብ የሚተችና የአክስቷን ቤት ስም የሚያጠፋው ሰው፣ ከዚያው ቤት ጣፋጭ እየበላ ፊቱን ወደ ሳህኑ ደፍቶ ይሞታል። አከራዩ ሊያስወጣቸው ያሰፈስፋል፤ ፖሊስም ላይላን ይጠረጥራል። ኤፕሪል፣ ሜይ እና ጁን የተባሉ ሦስት የክርስትና እናቶች ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ በወሬ ይዘውታል። በባዕድ አገር ሬስቶራንት ከፍቶ የሚኖር፣ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» እየተባለ ምግቡን ሲያስረዳ የሚውል ወገን ሁሉ ይህን ቤት ያውቀዋል። እዚህ የአሠራሩ ዝርዝር ሌላ ሸክም ይሸከማል። ጎረቤት በጥርጣሬ የሚያየው ምግብ ከምን እንደተሠራ አንድ በአንድ ይነገራል። በሳህኑ ላይ የወደቀው ጥርጣሬ ገዳዩ ሲገለጥ አብሮ ይነሣል።

አሁን ቃል የገባሁትን ወቀሳ ላንሣ። ሰው ሞቶ ስለ ኬክ ማውራት ቅሌት አይደለም ወይ? የሟች ቤተሰብ ለቅሶ የት ገባ? ወቀሳው ክብደት አለው። በብዙዎቹ መጻሕፍት ሟቹ በሦስተኛው ምዕራፍ ይረሳል፤ ብዙ ጊዜም ማንም የማይወደው ሰው ተደርጎ ይሣላል፣ እንዳናዝንለት። አንዲት ትንሽ ከተማ በየመጽሐፉ ሰው ሲሞትባት፣ ነዋሪዎቿ ደግሞ በማግሥቱ ለኩኪስ ሲሰለፉ ማመን ይከብዳል። ደካማ ደራሲ እጅ ሲገባ ዘርፉ ሞትን ጌጥ ያደርገዋል።

ሆኖም እንግሊዛዊው ገጣሚ ደብልዩ. ኤች. ኦደን በ1948 በጻፈው መጣጥፍ ይህን ነገር ከሌላ ወገን አይቶታል። ስፍራው ገነትን በመሰለ መጠን ግድያው ይበልጥ ይጎላል፤ ሬሳ በገነት መካከል ሲገኝ ነው በደል በደል መስሎ የሚታየው፣ የሚል ነው ሐሳቡ። የሐና ከተማ ስም ሌክ ኤደን ነው፤ ደራሲዋ ስሙን ስታወጣ ምን እንዳሰበች እሷ ታውቃለች። በጨለማ ከተማ የሚካሄድ የወንጀል ልቦለድ ዓለም ድሮም የተበላሸች ናት ይለናል፤ በዚያ ላይ አንድ ሞት ቢጨመር ማን ይደነቃል? በኩኪስ ቤቱ ልቦለድ ግን አንድ ሰው መሞቱ ሊስተካከል የሚገባው ነገር ሆኖ ይቆያል። መርማሪዋም እስኪስተካከል አትተኛም። ጥሩዎቹ ደራሲያን ደግሞ ገነቷ ድሮም እንከን እንዳላት አይደብቁም። ጎልዲ የተደበደበችው በውብ ተራሮች መካከል፣ በተከበረ ሐኪም እጅ ነው። ስለዚህ ወቀሳውን በግማሽ እቀበለዋለሁ፤ ሟቹን የረሳ መጽሐፍ ለእኔም ወድቋል፤ ልስላሴው ግን በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ንግግሬን ከመቋጨቴ በፊት በመካከላችሁ ደራሲ ካለ አንድ ነገር ልለምን። ይህን ዘርፍ በአማርኛ የሚሞክር ሰው ኩኪስና የወተት መኪና ከሚኒሶታ አያስመጣ። ከጥያቄው ይነሣ፤ በእኛ አገር ማን ከማን እጅ ይበላል? የሰርግ ወጥ ለመሥራት ከቤት ቤት የምትጠራ ባለሙያ አስቡ። የማን ጓዳ ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ወንድም ከየትኛው ጋር ማዕድ እንደማይቆርስ ከእሷ የሚሰወር የለም። ዶሮ 12 ብልት አላት፤ የትኛው ብልት ለማን እንደሚወጣ ታውቃለች። አንዱ ቢጎድል፣ ወይም ለአባወራው የሚገባው ሌላ ሳህን ላይ ቢገኝ፣ ማንም ሳያይ እሷ ታያለች። ፍንጩ በእጃችን ነው ያለው።

የሚከብደው የአሠራሩ ዝርዝር ይሆናል። ባለሙያዎቻችን በዓይን ልክ ይሠራሉ፤ «ጨው በመጠኑ፣ በርበሬ እንደ ወንዙ» ይሏችኋል። እስካሁን እንዳልኩት ግን የዚህ ልቦለድ ሐቀኝነት የሚፈተነው በዚያ ገጽ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ያለ ዘይት ስንት ሰዓት እንደተቁላላ፣ ቅመሙ በየትኛው ሰዓት እንደገባ ባለሙያዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ እየለካ መጻፍ ያስፈልጋል። ያን የጻፈ ደራሲ ሴራውንም በዚያው ጥንቃቄ ይጽፈዋል ብዬ አምናለሁ፤ ባይጽፈው እንኳ አንባቢው ቢያንስ ጥሩ ዶሮ ወጥ ይዞ ይቀራል።